ስልሳን አላለፈችም

«መቶ ስልሳ ነበር አሉ የምትነዳው» አለ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ያንሾካሾከ መስሎት። ዕድሜውን ሙሉ ከሊጥ ማቡኪያ ማሽን ጩኸት በላይ ሲያወራ የኖረ ሰው ሹክሹክታ ግን ሹክሹክታ አይደለም፤ ከኮሪደሩ ተነስቶ ሳሎን ድረስ ይገባል። «በዚያ በትልቁ ሞተር። ሴት ልጅ፣ እስቲ አስበው።»

«ምን ይደረግ፣ ፍጥነት ነዋ የበላት» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤት ሻዩን እያማሰለ።

አባትየው ሳሎኑ ጥግ ባለው ወንበር ላይ ሆኖ ሰማ። ልጁን ከቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። ተነስቶ ሊወጣና «ቆማ ነው የሞተችው» ሊላቸው ቃጣው። ግን ብሎታል። በመጀመሪያው ቀን የትራፊክ ፖሊሱ የነገረውን ቃል በቃል ደግሞላቸው ነበር፦ ቀይ መብራት ይዟት፣ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ ተክላ፣ ቆማ ሳለ ፍሬን እምቢ ያለው ገልባጭ መኪና ከኋላ መጣባት። ሰዎቹ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እግዜር ያጽናህ» አሉት፣ ወጡና መቶ ስልሳ አሉ።

ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው መቼም እንዲህ ነው። ለሞቱ ምክንያት ካላገኘለት ሻዩ አይወርድለትም። ቆሞ የሞተ ሰው ሁሉንም ያስፈራል፤ ሁላችንም መብራት ይይዘናላ። በፍጥነት የሞተ ግን የራሱ ጉዳይ ነው። እኛ እኮ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ እኛ ምን አለብን።

ሟች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ሥራዋ ከደም ባንክ ወደ ሆስፒታሎች በሞተር ደም ማድረስ ነው፤ ስምንት ዓመት ሠርታበታለች። ሞተሮቹ ከባለሥልጣን አጃቢነት በጡረታ የወጡ ግዙፍ ሞተሮች ናቸው፣ ከኋላቸው የደም ሳጥን ሲታሰርባቸው የተዋረዱ የሚመስሉ። አባቷ ቤት ውስጥ «ሚጡ» ነበር የሚላት። የሥራ ጓደኞቿ ደግሞ ሌላ ስም አውጥተውላታል፣ ያንን ስም ነው እንግዲህ አባትየው በእነዚህ አራት ቀናት አምርሮ የጠላው።

«መብረቅ ነበር እኮ የምንላት፣ አባባ» አለው ከሰዓት በኋላ የመጣው ቀጭን ሞተረኛ። ሽቦ ይሉታል፤ በአንድ እግሩ ትንሽ ያነክሳል። ከጓደኞቹ ከሦስቱ ጋር ሄልሜታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በአንድ መደዳ ተቀምጠዋል። «ሰሌዳችን ላይ ከደም ባንክ የወጣንበት ሰዓት ይጻፋል፣ ሆስፒታል ደርሰን ነርሷ የፈረመችበት ሰዓት ይጻፋል። እኛ በሠላሳ አምስት ደቂቃ የምንደርስበትን እሷ ሃያ ሁለት። በየቀኑ። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አልደረሰባትም።»

«ሞክረናል» አለ ሌላው።

«እኔማ ሞክሬ ነው ይኼን ያተረፍኩት» አለና ሽቦ ቁርጭምጭሚቱን ነካ አደረገ። ጓደኞቹ ፈገግ አሉ፣ ወዲያው ያሉበት ቤት ትዝ ብሏቸው ፈገግታውን ዋጡት።

አባትየው «ተባረኩ» አላቸው። ሌላ ምን ይላል? ልጅህን የሚያመሰግን ሰው አፍህን ዝጋ አይባልም። ሐሜቱን ችሎታል፤ ወሬ ነው፣ ይነፍሳል። ያልቻለው ምስጋናውን ነው። ሃያ ሁለት ደቂቃ በሰሌዳ ተጽፎ፣ በነርስ ተፈርሞ የተቀመጠ ነገር ነው። ሃያ ሁለት ደቂቃ እውነት ከሆነ ሚጡ ስምንት ዓመት ሙሉ ዋሽታዋለች ማለት ነው።

እሱ ራሱ በጉብዝናው ዘመን «ጄቱ» ይባል ነበር። ቴሌግራም አዳይ ነበር፤ በሞተሩ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ግቢ የሚጎትቱለት፣ ኮረዶች ደግሞ ከግቢ ወደ በር የሚወጡለት ዓይነት። «ቴሌግራሙ ከመላኩ በፊት ነው የሚደርሰው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፣ እሱም ቀልዱን እንደ ሜዳልያ ለብሶት ይዞር ነበር። ሚጡ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አዲሱ ቀጥተኛ መንገድ አስፋልት በለበሰ ሰሞን፣ ከኋላው አፈናጦ ወሰዳት። መንገዱ ጥርት ብሎ ተዘርግቷል፤ ውሻ እንኳን የለበትም። መቶ አርባ ገባ። ከኋላው ትንንሽ እጆች ሸሚዙን ሲጨመድዱት ደስ ብሏት መሰለው፣ ጨመረ።

ቤት ሲደርሱ ከሞተሩ ወረደች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። አላለቀሰችም። አባቷን ቀና ብላ አየችውና «ለእማዬ አልነግራትም» አለችው። እሱም ሳቀ፣ ጀግና ብሎ ራሷን ዳበሳት። ዛሬ ያንን ሳቁን ሲያስታውሰው ፊቱን የሚያስገባበት ያጣል።

ሃያ ሦስት ዓመቷ ላይ ሞተር አስተምረኝ ስትለው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እናቷ በሕይወት የነበረች ጊዜ ነው፤ ሦስት ቀን አኩርፋቸዋለች። መጀመሪያ ቀን ፍሪሲዮኑን እንዴት ቀስ ብላ እንደምትለቅ ሲያሳያት አቋረጠችው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የትም መንገድ ላይ፣ ሳጥን ይዤም ሆነ ባዶዬን፣ ስልሳን አላልፍም። ቃሌ ነው።»

«ማን ቃል ግቢ አለሽ?»

«ማንም። አንተ ከኋላህ ላፈናጠጥካት ልጅ ነው የገባሁት።»

«ፍሬኑን እንይ» አላት።

ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ምሳ ላይ የማይቀር ወግ ሆነ። ይጠይቃታል፦ «ቀጥተኛው መንገድ ላይስ?» ትመልሳለች፦ «ስልሳ።» «መንገዱ ባዶ ሆኖ?» «ስልሳ።» «እስቲ በናትሽ፣ ለኔ እንኳን?» «ስልሳ ነው አልኩህ አባዬ፣ ሽሮው ሊበርድ ነው» እያለች ሳቋን ትለቀዋለች። እሱም ይጠቅሳታል። አላመናትማ። የባሰው ደግሞ አለማመኑ ደስ ይለው ነበር። ልጄ እኔን ነው የወጣችው፣ አባቷ እንዳያስብ ነው የምትዋሸው እያለ በየእሁዱ ልቡ ሲሞላ ከርሟል። አሁን ግን እዚህ ጥግ ተቀምጦ፣ እንደ ሕፃን፣ እውነቷን በሆነ እያለ ይለምናል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እህቱ አንዲት ሴት ይዛ ገባች። በለቅሶው ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ወንበር የምትቆጥር፣ ብርጭቆ የምታጥብ፣ አልቃሹን የምታስቀምጥ፣ ወሬኛውን በዓይኗ የምታስወጣ።

«ከትልቁ ሆስፒታል ነው፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ሲስተር ናቸው» አለችው። «ከአዳር ሥራ ቀጥታ ነው የመጡት።»

ነርሷ ወደ ሃምሳዎቹ የምትጠጋ፣ እግሯ ከጫማዋ ተርፎ ያበጠ ሴት ናት። ተቀመጠች፣ ነፍስ ይማር አለች፣ የቀረበላትን ቡና በሁለት እጇ ያዘችው። ሽቦም ከጓደኞቹ ጋር ተመልሶ መጥቶ ከማዶ ተቀምጧል። አባትየው ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ጥያቄ ጠየቀ።

«ሲስተር፣ እንደው… ሚጡ፣ ልጄ፣ ስንት ነበር የምትነዳው? ይወራል መቼም።»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ነርሷ። «ስትነዳ አይቻት አላውቅም። እኔ የማውቀው በር ላይ ያደረገችውን ነው።»

«ምን በር?»

«ሥራ በጀመረች ሳምንት በዕረፍት ቀኗ መጣች፣ ቀሚስ ለብሳ፣ እንግዳ መስላ። ‹ሲስተር፣ ከውጭ በር እስከ እናንተ ድረስ አብረሽኝ ሂጂ› አለችኝ። ሄድን። አምስት በር አለ። ሦስተኛው ይቆለፋል፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፣ ንብረት ክፍሉ ምሳ ወጥቷል። ሊፍቱን ስንጠብቅ አረጀን። ይቺ ልጅ ሰዓቷን አይታ ‹አሥራ ስድስት ደቂቃ› አለችኝ። ‹ሞተር ላይ አንድ ደቂቃ ለማትረፍ ከምሞት፣ እዚህ አሥራ አራቱን ላውጣ› አለችኝ።»

ሽቦ ወንበሩ ላይ ወደፊት ተጠጋ።

«ከኋላ በኩል የልብስ ማጠቢያው በር አለ፣ ከኛ ክፍል አርባ እርምጃ አይሞላም። የልብስ አጣቢዎቹን ስም በሙሉ አጠናች። የልጆቻቸውን ጭምር። ከዚያ ወዲህ ለሷ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። ከደም ባንክ ስትነሳ ትደውላለች፦ ‹ሲስተር ወጣሁ፣ በማጠቢያው በኩል ነኝ፣ እስክሪብቶሽን ይዘሽ ጠብቂኝ።› እኔ በሩ ላይ ቆሜ እፈርማለሁ። ሌሎቹ እኮ» አለችና ወደ ሞተረኞቹ አየች፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ ልጆች፣ እናንተ በዋናው በር እየሮጣችሁ፣ እያለከለካችሁ፣ ከዘበኛ ጋር እየተጣላችሁ ትመጣላችሁ። ከሞተር ወርዳችሁ እኛ ጋ እስክትደርሱ ሩብ ሰዓት። እሷ ላቧ እንኳን አይታይም ነበር። በሁሉም ሆስፒታል እንደዛ አድርጋለች፣ ከነርሶቹ ጋር እንደዋወላለን፣ እናውቃለን።»

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከኮሪደሩ ተነስቶ ሳሎኑ በር ላይ ቆመ።

አባትየው ወደ ሞተረኞቹ ዞረ። «ከናንተ ውስጥ ከኋላዋ ነድቶ የሚያውቅ አለ?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማን ነድቶ ያውቃል? የደም ሞተረኛ ለብቻው ወጥቶ ለብቻው ነው የሚመለስ። የሚያዩት ሰሌዳውን ነው፤ የወጣችበትን ሰዓትና የተፈረመበትን ሰዓት። በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እያንዳንዳቸው በልባቸው ባለው ነገር ሞልተውታል። በልባቸው ያለው ደግሞ ፍጥነት ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገረችንም?» አለ ሽቦ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ አለ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ቆይ… ሰሌዳው ሥር የለጠፈችው ወረቀት።»

«የትኛው?» አለ ጓደኛው።

«በሮችና ቀስቶች የተሳሉበት። ስምንት ገጽ የሆነው።»

«እሱማ የእሳት አደጋ መውጫ ነው።»

«የእሳት አደጋ መውጫ መስሎን ነው እንጂ» አለ ሽቦ፣ ቁርጭምጭሚቱን እያየ። «ስንት ዓመት ከሥሩ ቆመን ሻይ ጠጣን፣ አንድ ቀን አንብበነው አናውቅም።»

አባትየው ሳቀ። አምስት ቀን ሙሉ ያልሳቀ ሰው እንዴት እንደሚስቅ ጠፍቶት፣ ሳቁ ከሳል ጋር ተቀላቀለበት፤ እንባውም አብሮ መጣ። ኮራ። በሕይወቱ ኮርቶ ያውቃል፣ ጄቱ ሲባል፣ ሚጡ ዩኒፎርም ስትለብስ። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ልጁ እሱን አልወጣችም፤ እሱ መሆን ያልቻለውን ሰው ነበረች። «እውነቷን ነው» አለ ጮክ ብሎ፣ ኮሪደሩም እንዲሰማው። «ስልሳ ብላኛለች፣ ስልሳ ነው።»

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ነርሷ ስትሄድ ሽቦ አባትየውን ወደ መስኮቱ ሳብ አደረገው።

«አባባ፣ አንድ ችግር አለ። ከነገ ወዲያ፣ በሰባተኛው ቀን፣ መቃብሯ ጋ የምንሄደው በሞተር ነው። ሠላሳ ሞተር ነው። ከሌላ መሥሪያ ቤትም የሚመጡ አሉ።»

«ተባረኩ፣ ጥሩ ነው።»

«በቀጥተኛው መንገድ ነው የምንሄደው። በመብረቅ ፍጥነት ተባብለን ነው የተማማልነው።» ሄልሜቱን ያገላብጣል። «ለሷ ክብር ብለን ነው። አስፋልቱ እስኪንቀጠቀጥ።»

አባትየው ሄልሜቱን ከእጁ ወሰደበት።

«ንገራቸዋ። የሰማኸውን ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ። እሺም ይሉኛል። ግን እኛ እንተዋወቃለን አባባ። ያ መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ ያ ሞተር ከሥራቸው ሆኖ፣ አንዱ ትንሽ ሲጨምር ሌላው ሲከተል፣ ማን ይይዛቸዋል? እነሱን ብቻ አይደለም የምለው፤ እኔስ ራሴን እይዛለሁ እንዴ? ሞተሩ ሲያንኮራፋ እኮ የነዳጅ እጀታው ላይ ያለው እጅ ራሱ ይዞራል።»

ያንን አባትየው ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። እጅ ራሱ ይዞራል። ሠላሳ ልጅ በሚጡ ስም መቶ ስልሳ ሊገባ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ደግሞ በሚጡ ስም ነው የሚወድቀው።

«ሞተር አምጣልኝ» አለው። «የሷን ዓይነት። ከፊት እኔ ነኝ የምነዳው።»

እህቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ሰምታዋለች። እጇ በአረፋ ተሞልቶ መጣች።

«ማን? አንተ? መንዳት ከተውክ ሰባት ዓመትህ ነው።»

«ተውኩ እንጂ አልረሳሁም።»

«አለመርሳትህ አይደል እኔን የሚያስፈራኝ። እነሱን አንተ ልትይዛቸው ነው፣ ይሁን። አንተን ማን ይይዝሃል ጄቱ?» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኛ ከአንድ በላይ የምንለቅመው የለንም። አንድ ቀብረናል፣ ይበቃናል።»

ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሄዶ የድሮ ቡት ጫማውን ፈለገ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሠላሳው ሞተር ከቤቱ በር እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተሰልፎ ነበር። አዛውንቶቹንና ሴቶቹን የዳቦ ቤቱ ባለቤት በዳቦ መኪናው ጭኗል፤ እህቱ ከፊት ወንበር ተቀምጣ መስኮቱን እስከ ታች አውርዳዋለች። ሽቦ ሞተሩን አቁሞ ጠበቀው። አባትየው እግሩን አንስቶ ሲቀመጥ ወገቡ አጉረመረመ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ከሥሩ ሲነሳ ግን ወገቡም ዕድሜውም ተረሱት። ይኼ እሱ ከነዳቸው ሁሉ የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ነው፤ ሰውን ገና ከመነሳቱ ና፣ ና የሚል።

ወደ ሠላሳው ዞረ። ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፣ ጠፋበት። «ከኔ ማንም አይቀድምም» ብቻ አለ።

በከተማው ውስጥ ቀላል ነበር። መብራቱም ሕዝቡም ይይዛል። ቀጥተኛው መንገድ ሲጀምር ግን ያ የድሮው ነገር መጣ። መንገዱ ባዶ ነው። አስፋልቱ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እንደነበረው ባይጠቁርም ያው ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ ጫፉ በዓይን እየታየ። የፍጥነት ቆጣሪው ስልሳ ላይ ነው። ሞተሩ በስልሳ መሄድ አይወድም፤ እንደተሰደበ ሰው ያጉረመርማል፣ መሪው በእጅ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ሰባ ቢገባ ይረጋል። ሰማንያ ቢገባ ይዘፍናል። ከኋላው ሠላሳ ሞተር አንዱ በአንዱ ላይ እየተነፈሰ ነው፣ ድምፃቸው ጀርባውን ይገፋዋል። ትንሽ ብቻ። ለአፍታ። ማን ይጎዳል? ቀኝ እጁ ራሱን ችሎ ሊዞር ሲል ተሰማው፣ ጨበጠውና ያዘው።

ወዲያው እንደገና መጣ። እንደገና ያዘው። ፈተናው አንዴ መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ በየመቶ ሜትሩ ይመጣል። ላቡ በሄልሜቱ ውስጥ ይወርዳል። ሚጡ ይኼን ነገር በየቀኑ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ከኋላዋ የሰው ነፍስ ጭና፣ ቶሎ ለመድረስ ከሱ የበለጠ ምክንያት እያላት፣ ስምንት ዓመት ይዛዋለች። በእሁድ ምሳ ላይ ደግሞ እየሳቀች «ስልሳ» ትለዋለች፣ እሱ ይጠቅሳታል። አንዲት ቀን እንኳን «እንዴት ቻልሽው?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

የዳቦ መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ በግራ በኩል ቀደማቸው። ባለቤቱ ሠላሳ ሞተር በዳቦ መኪና ሲቀደም በሕይወቱ አይቶ ስለማያውቅ አፉን ከፍቶ ነበር ያለፈው። እህቱ በመስኮቱ ወጥታ ልትወድቅ እስክትደርስ ወንድሟን ታያለች፤ የምታየው ፊቱን ሳይሆን የቀኝ እጁን ነው።

ቀጥሎ ሽቦ ከጎኑ መጣ። ሞተሩ ለግማሽ ጎማ ያህል ቀደም አለ። ሽቦ አንገቱን አስግጎ የአባትየውን ቆጣሪ አየ። ከዚያ ፊቱን አየው፤ ከሄልሜቱ ውስጥ እንባና ላብ አብሮ ሲወርድ አየ። ነዳጁን ቀነሰና ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ከኋላ ላሉትም ክንዱን ዘረጋ። ከሽቦ ክንድ ያለፈ ማንም አልነበረም።

የመቃብር ስፍራው በር ላይ ሲደርሱ ከሁሉም በኋላ የመጡ እነሱ ነበሩ። ሞተሩን አጠፋ። ሠላሳው ተራ በተራ አጠፉ። ወርደው፣ ሄልሜታቸውን አውልቀው፣ እሱ እስኪወርድ ቆመው ጠበቁት።

አልወረደም። ግራ እጁ ተነስቷል፣ ቀኝ እጁ ግን እጀታውን ጨብጦ እንደያዘ ደርቋል፣ እምቢ ብሏል። ሽቦ ሊረዳው ቀረበ።

«ተወኝ ልጄ» አለው።

በግራ እጁ መጀመሪያ አውራ ጣቱን አነሳ። ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ፣ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ቀስ እያደረገ ከእጀታው ላይ ፈታቸው።